ሐዲዱ የተነሣለት መንገድ

ከሮማ ወደ ካሲኖ የሚወርደው የእሑድ ማለዳ ባቡር አናኚ ጣቢያ ላይ ሲቆም፣ ከመጨረሻው ፉርጎ አንድ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሐበሻ ብስክሌቱን በትከሻው አንግቶ ይወርዳል። ወርዶ ወዲያው አይፈናጠጥም። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ ይፈትሻል፤ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ ያደርጋል፤ የውሃ ኮዳውና በሶ የቋጠረባት ላስቲክ በኮርቻው ሥር በተንጠለጠለችው ከረጢት ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጣል። ከዚያም ጥቂት ቆም ብሎ ወደ ሰሜን ያንጋጥጣል። ኮረብታ በኮረብታ ላይ ተደርቧል፤ በየኮረብታው አናት አንዳንድ መንደር እንደ ንብ ቀፎ ተለጥፏል፤ ከሁሉም ኋላ ሰማያዊው የኤርኒቺ ተራራ ቆሟል።

ይህ ሰው በአገሩ ሳለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሮማ ከገባ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ እንጀራውን የሚያገኘው ግን በካርታ ሳይሆን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት እያደረ ነው። የአገሩ ልጆች ዛሬም «መምህሩ» ይሉታልና በዚሁ ስም ቢጠራ ቅር አይለውም። በወር አንድ እሑድ ዕረፍት ሲደርሰው ከከተማው ይወጣል። ሮማ ለብስክሌት የተሠራች ከተማ አይደለችም። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ጎዳናዋ ያንገጫግጫል፤ መኪናዋም ለብስክሌተኛ አይራራም። መምህሩ የሚሸሸው ግን መኪናን ብቻ አይመስልም። በዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ወደ ሥራው ሲሄድ በየማታው ያንን አደባባይ የሚያቋርጥ ሰው፣ በወር አንድ ቀን ስም የሌለው መንገድ ቢያምረው አይፈረድበትም።

እንዲህ ያለው መንገድ ኢጣሊያ ውስጥ ሞልቷል። ብዙው ቀድሞ ባቡር ይሄድበት የነበረ ነው። አገሪቱ በተራራ የተሞላች በመሆኗ፣ ዋናው ሐዲድ ያልደረሰባቸውን ኮረብታማ ወረዳዎች በጠባብ ሐዲድ ለማገናኘት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብዙ ገንዘብና ከዚያም የበዛ ጉልበት ፈስሷል። የዚያ ጠባብ ሐዲድ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ነው። መምህሩ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያነበበ ዕለት መጽሐፉን ዘግቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከምጽዋ ተነሥቶ በጊንዳዕ ዳገት ወደ አሥመራ የሚወጣው ሐዲድ ስፋትም ያው 95 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ለተማሪዎቹ ስንት ዓመት ሲያስተምር ኖሯል። ለገዛ ተራራቸው የለኩትን ልክ ይዘው ነው ወደ ሰው ተራራ የመጡት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘመኑ የመኪና ሆነ። ፋብሪካዎቹ ሠርቶ አደሩ በየወሩ እየከፈለ የሚገዛውን ትንንሽ መኪና ያመርቱ ጀመር፤ ከሚላኖ እስከ ኔፕልስ የሚደርሰው «የፀሐይ አውራ ጎዳና» እ.ኤ.አ. በ1964 ተጠናቀቀ፤ ኮረብታውን እያዘገመ የሚዞረው ጠባቡ ባቡርም ተሳፋሪ አጣ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ተወሰደ። ድልድዩን፣ ዋሻውንና የተደለደለውን መሬት ግን ነቅሎ የሚወስድ አልተገኘም። ቁጥቋጦ ለብሶ፣ የፍየል መንገድ ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየ። ኋላ የየአካባቢው አስተዳደር ቁጥቋጦውን መንጥሮ፣ ጠጠር አልብሶ ወይም አስፋልት ቀብቶ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ከፈተው።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የሚነሣው በኡምብሪያ ከስፖሌቶ እስከ ኖርቻ የሚሄደው የ51 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። የነደፈው ኤርቪን ቶማን የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ተመርቆ በ1968 ተዘግቷል። 19 ዋሻና 24 ድልድይ አለው። መምህሩ ይህን መንገድ ያየው አንድ ዓመት በግንቦት ወር ነው። ከስፖሌቶ ሲነሣ ሐዲዱ የነበረበት መሬት ኮረብታውን እንደ ጥምጥም እየዞረ ይወጣል። ከፍ ካሉ በኋላ ቁልቁል ሲመለከቱ ከሩብ ሰዓት በፊት ያለፉት ድልድይ ከእግር ሥር ይታያል፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሊደርሱበት ያለው ድልድይ ቅስቶቹን ደርድሮ ይጠብቃል። ከጫፉ ላይ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አለ። በውስጡ መብራት የለም። መምህሩ መሪው ላይ ያሰራትን የእጅ ባትሪ አብርቶ ሲገባ የግንቦት ፀሐይ ከጀርባው እንደ በር ተዘጋ። ብርዱ የክረምት ነው፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ማጅራት ይመታል፤ የጎማው ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ሌላ ብስክሌተኛ የሚከተል ያስመስለዋል። መውጫው በመጀመሪያ የአሥር ሳንቲም ስፋት ያላት ብርሃን ነበረች። ሃያ አምስት ሳንቲም አከለች፤ ሙልሙል አከለች፤ ምጣድ አከለች፤ በመጨረሻም የኔራ ወንዝ ሸለቆ ሙሉውን ወለል አለ። ያን ዕለት መንገዱ እስከ ኖርቻ ድረስ አላደረሰውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በነሐሴና በጥቅምት የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ያንን አካባቢ አፍርሶታል፤ በኖርቻ የነበረው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ባዚሊካ ኦክቶበር 30 ቀን ጧት ሲናድ የፊት ግድግዳው ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ሐዲድ ያልጣለው መሬት ራሱ ሲነሣ ምን ይደረጋል።

የባቡር መንገድ ለብስክሌት የተመቸበት ምክንያት ቀላል ነው። ባቡር የብረት ጎማውን በብረት ላይ የሚያንከባልል ፍጥረት በመሆኑ ዳገት አይወድም። እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ በሆነው በስፖሌቶው መስመር እንኳ በ1,000 ሜትር ጉዞ ከፍታው ከ45 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ መሐንዲሱ ለባቡሩ ብሎ የማሰው ተራራ፣ ባቡሩ ከሄደ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለአንድ ጉልበቱ ለደከመ ሌሊት ሠራተኛ መልካም ሆነለት። ያን ድንጋይ የፈለጡት፣ ያን ዋሻ የቦረቦሩት ሠራተኞች ግን ማን ነበሩ? የመሐንዲሱ ስም ተጽፎ ይገኛል።

ቶስካና ውስጥ በሲዬና ዙሪያ ያለው ጸጥታ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ባቡር የተወው መንገድ ሳይሆን ሰው የተወው መንገድ ነው የሚገኘው። በሽቅብ ኮረብታው፣ በወይኑና በወይራው ተክል መካከል የሚጠማዘዙ፣ አስፋልት ያልለበሱ፣ ነጭ ጠጠር የፈሰሰባቸው መንገዶች አሉ። ሥዕል የሚወድ ሰው ሁሉ በፖስት ካርድ ላይ አይቷቸዋል። እነዚያ ነጫጭ መንገዶች እያንዳንዱን የገበሬ ጎጆ ከጌታው ግቢ ጋር የሚያገናኙ ነበሩ። በዚያ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ሥርዓት፣ ገበሬው ካመረተው እኩሌታውን ለባለ መሬቱ የሚያስረክብበት ነው። መምህሩ የኢጣሊያንኛውን ቃል በቃል ሲመልሰው «እኩል አራሽ» ሆነለት፤ ሌላ ፍቺ መፈለግ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሕግ አዲስ የእኩል ውል መዋዋልን ከለከለ፤ ነገር ግን ገበሬው ከሕጉ በፊት በእግሩ ፈርዶ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ቤቱን እየዘጋ ወደ ፋብሪካ ከተማ ነጎደ። በእኛ አገር በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የመሬት አዋጅ በጎረምሳነቱ የሰማ ሰው፣ በዚያ ነጭ መንገድ ላይ ሲሄድ የሚያየው ውበቱን ብቻ ሊሆን አይችልም። ዛሬ እነዚያ የእኩል አራሾች ጎጆዎች የመዋኛ ገንዳ ተቆፍሮላቸው ለአገር ጎብኚ ይከራያሉ። ቢሆንም መንገዶቹ አስፋልት ከመልበስ የዳኑት በብስክሌተኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጋዮሌ ከምትባል መንደር 92 ሰዎች በአሮጌ ብስክሌትና በሱፍ ሹራብ ተነሥተው በነጩ መንገድ ላይ የጋለቡት፣ ያ መንገድ እንዲጠበቅ ለማሳሰብ ነበር። ዛሬ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣል።

በኢጣሊያ ሁሉም መንገድ በአንድ ቀን ጸጥ ያለበት ጊዜም ነበር። በ1966 ዓ.ም. ኅዳር 23 ቀን፣ እሑድ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በኋላ ነዳጅ በመወደዱ መንግሥት የግል መኪና እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ፤ ክልከላው በተከታዮቹም እሑዶች ቀጠለ። በዚያ ዕለት ሮማ ውስጥ ሕዝቡ በእግር፣ በብስክሌት፣ በፈረስ ሳይቀር አደባባዩን ሞላው። በመጦሪያ ቤት ያሉት አሮጊቶች ያን እሑድ እንደ ሰርጋቸው ያስታውሱታል። መምህሩ ሲሰማቸው የሚያስበው ሌላ ነው። ያው የነዳጅ ዋጋ ከሦስት ወር በኋላ በየካቲት አዲስ አበባ ደረሰ፤ ባለ ታክሲዎቹ ሥራ አቆሙ፤ የአዲስ አበባም ጎዳና ጸጥ አለ። ከዚያ ጸጥታ በኋላ የመጣውን የዚህ መጽሔት አንባቢ ያውቀዋል።

ወደ አናኚው መንገድ እንመለስ ቢባል፣ መምህሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከመኪና ጋር ተጋፍቶ ፓሊያኖ ግርጌ ደርሷል። ከላይ በኮረብታው አናት የኮሎና መሳፍንት ምሽግ ይታያል፤ ዛሬ ወኅኒ ቤት ነው። ከዚህ እስከ ፊውጂ ድረስ ከሮማ ይመጣ የነበረው የጠባቡ ባቡር መንገድ ለብስክሌት ተደልድሏል፤ ርዝመቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሰርሮኔን፣ ፒሊዮንና አኩቶን በግርጌያቸው እየታከከ በዝግታ ይወጣል። የጣቢያዎቹ ቤቶች አሁንም አሉ፤ የአንዱ መስኮት በእንጨት ታሽጓል፣ የሌላው ደጃፍ ላይ የልጅ ልብስ ተሰጥቷል። በስተቀኝ ሜዳው ይዘረጋል፤ በሜዳው ላይ የፀሐይ አውራ ጎዳና እንደ ክር ተወጥሯል፤ መኪናው ሲሄድ ይታያል እንጂ አይሰማም። የሚሰማው የሰንሰለቱ ሹክሹክታ፣ የወፍ ድምፅና አልፎ አልፎ ከሩቅ የሚጮህ ውሻ ነው። መምህሩ ይህን መንገድ ስድስት ጊዜ ተመላልሶበታል። ፊውጂ ደርሶ፣ ለኩላሊት ጠጠር ፍቱን ነው እየተባለ ሚኬላንጄሎ ሳይቀር የጠጣውን ውሃ በኮዳው ቀድቶ፣ በመጣበት መመለስ ልማዱ ነው።

በሰባተኛው ጊዜ ፒሊዮን እንዳለፈ የኋላ ጎማው ጢስ ብሎ ተነፈሰ።

መምህሩ ብስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው አቆመው። ይህን የለመደው ጃንሜዳ ዳር ነው። በልጅነቱ ብስክሌት በሰዓት እየተከራዩ የሚጋልቡት ልጆች ገንዘባቸውን ሲጨርሱ፣ እሱ ከጠጋኙ ዘንድ ቁጢጥ ብሎ መሣሪያ ያቀብል ነበር። «ፒንሳውን! ካቻቢቴውን! ማስቲሽ አምጣ! ቸርኬው ተጣሟል! ብሎኑን አትጣል!» ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ። ለዚያ ልጅ እነዚህ ሁሉ እንደ ዳቦና እንደ ውሃ የአማርኛ ቃላት ነበሩ፤ ባዕድ ናቸው ብሎ የነገረውም አልነበረ። በጋራዥና በመኪና መንገድ ሥራ በኩል ገብተው፣ ባለቤቶቻቸው በ1933 ዓ.ም. ሲወጡ ቃላቱ ቀርተዋል። ከመነዳሪ የሚለው በተለይ ይገርማል። ኢጣሊያኑ «ካሜራ ዳሪያ» ይላል፣ የአየር ክፍል ማለት ነው፤ የአማርኛ ጆሮ ግን መንዳት የሚለውን ግስ ሰምቶበት የራሱ አደረገው። ካቴና ደግሞ በሮማ ሰንሰለት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የብስክሌት ሰንሰለትም፣ የእስረኛ እጅ ማሰሪያም ነው።

ከመንገዱ በላይ የወይን ሐረግ ሲገርዙ የነበሩ አንድ አዛውንት መቀሳቸውን ኪሳቸው ከተው ወረዱ። ሰማንያን ያለፉ ናቸው።

«ምን አገኘዎት?» አሉ።

መምህሩ በኢጣሊያንኛ ሊመልስ ሲል፣ ቃሉ በጃንሜዳ አጠራር አምልጦት ወጣ። «ከመነዳሪው ነው።»

አዛውንቱ ምንም አልተገረሙም። ወደ ጓሮአቸው ሄደው በባልዲ ውሃ ይዘው መጡ። ከመነዳሪውን በውሃው ውስጥ ቀስ እያደረጉ ሁለቱም አጎንብሰው አረፋ የሚወጣበትን ይጠብቁ ጀመር። ይህ ሥራ በጃንሜዳም በፒሊዮም አንድ ነው።

«ከየት ነዎት?»

«ከኢትዮጵያ።»

«የጊርማይ አገር!»

መምህሩ ፈገግ አለ። ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2022 በግንቦት ወር በዚሁ በኢጣሊያ ዙሪያ ውድድር የዬዚን ዕለት አሸንፎ፣ በሽልማቱ መድረክ ላይ የወይን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ዓይኑን መትቶት ከውድድሩ መውጣቱን የማያውቅ የገጠር ሰው የለም።

«እሱ ኤርትራዊ ነው፣ አባት። ጎረቤቴ ነው።»

«ጎረቤት ከሆነማ ደስ ሊልዎት ይገባል» አሉና አረፋውን በጣታቸው አመለከቱ። «እዚህ ነው ቀዳዳው።»

ማስቲሹ እስኪደርቅ ተቀመጡ። አዛውንቱ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ጋር እንቁላል ይዘው በዚህ ባቡር ሮማ ይወርዱ እንደነበር፣ ባቡሩ ዳገቱ ላይ ሲያዘግም ልጆች ወርደው በለስ ቀጥፈው እንደገና ይሳፈሩበት እንደነበር አወጉ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው፣ «አጎቴ እናንተ አገር ነበሩ» አሉ። «በ1936፣ በእኛ አቆጣጠር። ለመንገድ ሥራ። ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ፤ እዚህ ሥራ አልነበረም። ሲመለሱ ስለ ዳገቱ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ስለሌላው ስንጠይቃቸው ተነሥተው ይወጡ ነበር።»

መምህሩ ጎማውን ወደ ቸርኬው እየመለሰ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ወደ አፊሌ በየት ነው የሚወጣው?» ሲል ጠየቀ።

«ለወይኑ ነው?» አሉ አዛውንቱ። በእርግጥ በዚያ አካባቢ የሚተከለው ጥቁር ወይን አንደኛው ዘር በአፊሌ ስም ይጠራል።

«ለወይኑ አይደለም።»

አዛውንቱ መምህሩን አዩት። «ገባኝ» አሉ። «ፊውጂ ሲደርሱ የብስክሌቱን መንገድ ይተዉና ወደ አርቺናዞ የሚወጣውን ይያዙ። መኪና አለበት፤ ቀኝዎን አይልቀቁ። ከአርቺናዞ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ፍሬንዎን ይፈትሹ።»

አፊሌ ከፊውጂ በቀጥታ ቢለካ 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስድስት ጊዜ በአጠገቡ አልፎ ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ የተመለሰበት ያ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን እኅቱ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ስለ ልጆቿ ትምህርትና ስለ ጤፍ ዋጋ ካወራች በኋላ፣ «የዚያን ሰው ሐውልት አይተኸው ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው። «ቅርብ አይደለም እንዴ ካንተ?» መምህሩ መልስ አጣ። ለአንዲት የጂኦግራፊ መምህር እኅት ርቀቱን መደበቅ አይቻልም።

የአያታቸው ታላቅ ወንድም ዲያቆን ነበር። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት 12 ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ከሰላሌ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደ። በየካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለሦስት ቀን የተፈጸመው ጭፍጨፋ ሦስት ወር ሆኖት ነበር፤ ሰው ሁሉ አልፏል ብሎ አስቧል። ከበዓሉ በኋላ ባሉት ቀናት መነኮሳቱም፣ ዲያቆናቱም፣ ለበዓል የመጣውም ምእመን በግራዚያኒ ትእዛዝ በካሚዮን እየተጫነ በጥይት ተፈጀ። ዲያቆኑ ዳዊቱን ቤት ረስቶ ስለሄደ ዳዊቱ ተረፈ። አያታቸው ማንበብ አያውቁም፤ ነገር ግን በየዓመቱ በግንቦት ያወጡትና አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው ያስቀምጡት ነበር። ዛሬ እኅትዬው ዘንድ ነው ያለው።

መምህሩ ፊውጂ ላይ ውሃውን ቀዳ፤ የብስክሌቱን መንገድ ለቀቀ። የመጀመሪያው መኪና በግራ ጎኑ ሲያልፍ ነፋሱ መሪውን አወዛወዘው። ዳገቱ የባቡር አይደለም፣ የመኪና ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርዶ ገፋ። ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአርቺናዞ አምባ ላይ ሲደርስ ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ላሞች ይግጣሉ፤ ቄሣሩ ትራያን የበጋ ቤተ መንግሥቱን እዚህ ማሠራቱ አያስገርምም። ግራዚያኒም እ.ኤ.አ. በ1882 የተወለደው ከእነዚሁ ተራሮች መካከል ፊለቲኖ በምትባል መንደር ነው። በ1950 በገዛ አገሩ የጦር ፍርድ ቤት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ተፈርዶበት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተለቀቀ። ስለ ኢትዮጵያ የጠየቀው ፍርድ ቤት አልነበረም። በ1955 ሲሞት አፊሌ ተቀበረ፤ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ የመንደሩ አስተዳደር በሕዝብ ገንዘብ የመታሰቢያ ሕንጻ አቆመለት። በአዲስ አበባም፣ በሮማም፣ በኒው ዮርክም ተቃውሞ ተነሣ፤ በኢጣሊያ ፍርድ ቤቶችም ክርክር ሆነ። ሕንጻው ቆሟል።

አፊሌ ትንሽ መንደር ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ ፍሬኑ እየጮኸ ሲደርስ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ስለነበር መንገዱ ጸጥ ብሏል፤ የወጥ ሽታ ከየመስኮቱ ይወጣል። መናፈሻው ከመንደሩ ዳር ነው። ሕንጻው ዝቅ ያለ፣ ማዕዘኑ ደረቅ፣ ድንጋይ የለበሰ ነገር ነው፤ በመካከሉ በር አለው፤ በሩ በዚያ ዕለት ተዘግቷል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ቃላት ተጽፈዋል። አንደኛው «አገር»፣ ሁለተኛው «ክብር» ማለት ነው። መምህሩ ብስክሌቱን ከግንድ ላይ አስደግፎ የተማሪ የፈተና ወረቀት በሚያነብበት ዓይን አነበባቸው። ፊደሉ ንጹሕ ነው፤ ግድፈት የለበትም። ከሁለቱ ቃላት በኋላ ብዙ ባዶ ግድግዳ ቀርቷል።

የሚናገረው ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ከፊውጂ ጀምሮ በዳገቱ ላይ እያለከለከ ሲደግመው መጥቷል፤ በግዕዝ ጀምሮ በኢጣሊያንኛ የሚጨርሰው ነበር። አንድም ቃል አልወጣውም። የሰማው የለም፣ የሚሰማም አልነበረ። ከሣሩ ላይ ተቀምጦ በሶውን በፊውጂ ውሃ በጠበጠና ጠጣ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አወጣ።

«የት ነህ?» አለች እኅቱ። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ፊቱ ተቀምጫለሁ።»

ጫጫታው ራቀ፤ ወደ ሌላ ክፍል ሳትገባ አልቀረችም። «ምን ይመስላል?»

መምህሩ ሕንጻውን እንደገና አየው። «ጎሚስታ ቤት ይመስላል» አላት። «እሑድ የተዘጋ ጎሚስታ ቤት።»

ሳቀች። ሳቋ እንደጀመረ ተቋርጦ ሁለቱም ዝም አሉ፤ የስልኩ ቆጣሪ ብቻ ይሄድ ነበር። ቆይታ፣ «ዳዊቱን አውጥቼው ነበር» አለች። «ሽፋኑ ሊገነጠል ነው። የሚጠርዝ ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም በፕላስቲክ እናድርገው ይላሉ።»

«በፕላስቲክ እንዳታስደርጊው።»

«እኔም እንቢ ብያለሁ።»

የሚጠርዝ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። አንኮበር አካባቢ አንድ አዛውንት መሪጌታ ነበሩ፤ በሕይወት መኖራቸውን ማጣራት ያስፈልጋል። የቆዳው ነገር አለ፤ የፍየል ይሁን የበግ አልተስማሙም። ፀሐዩ ወደ ሱቢያኮ ተራራ ሲያዘነብል መምህሩ ተነሥቶ የኋላ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጥጋኙ ይዟል። ከመንደሩ እስከ አርቺናዞ ያለው ዳገት ነው፤ እኅቱን ቆይቼ እደውላለሁ ብሏት ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ።